ድመት ላይ እብጠት ሲያገኙ፦ ከዳበሳ እስከ ሐኪም ጠረጴዛ

ድመት ላይ የሚወጣ እብጠት ፍጥነቱ ብዙ ይናገራል። በሁለት በሦስት ቀን ድንገት ያበጠ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ተነክሳ መግል የቋጠረ ቦታ ነው። በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ የሚያድገው ደግሞ እጢ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱም የመጀመሪያው ጥያቄ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚል ይሆናል። ድመቱን በየወሩ የሚዳብስ ሰው ይህን ከአንድ ወር ባልራቀ ግምት ይመልሳል። የማይዳብስ ሰው ግን «ያየሁት አሁን ነው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም፤ ሐኪሙም ሥራውን የሚጀምረው በግማሽ መረጃ ነው።

«ትንሽ እንየው፣ ይጠፋ ይሆናል» የሚለው ልማድ ድመት ላይ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። ውሻ ላይ ምንም የማያደርግ የስብ ቋጠሮ የተለመደ ስለሆነ መጠበቁ አንዳንዴ ያስኬዳል። ድመት ላይ ግን የስብ ቋጠሮ እንደዚያ በብዛት አይታይም። ከቆዳ እጢዎቿ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት፣ ከጡት እጢዎቿ ደግሞ ከ10 ውስጥ 8 ወይም 9ኙ አደገኛ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ቀነ ገደብ የሌለው መጠበቅ አይኖርም።

ከታች ያለው በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በገላን በኩል ድመት የሚያሳድጉ ሰዎችን ኑሮ አስቦ የተጻፈ ነው። እዚያ ድመት ለአይጥ ትያዛለች፣ ሌሊት ትወጣለች፣ ከሰፈር ድመትና ውሻ ትጣላለች፣ በቆርቆሮና በሽቦ አጥር ትሾልካለች። ቅርብ ያለው የእንስሳት ክሊኒክም በአብዛኛው የሚያክመው ከብትና በግ ነው።

በየወሩ መዳበስ

ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቢያደርጉት አይረሳም። ድመቷ በልታ ጋደም ስትል ይጀምሩ። ማስመሪያ፣ ስልክ፣ ደብተርና አሮጌ ፎጣ አጠገብዎ ይሁን። ቁስል ካለ ጓንት ያድርጉ፤ ጓንት ከሌለ ንጹሕ ፌስታል እጅ ላይ ማጥለቅ ይበቃል። አምስት ደቂቃ ካልተዋከቡበት በቂ ጊዜ ነው።

ቁንጥጫ አያስፈልግም። የጣትዎን ለስላሳ ጎን ቆዳው ላይ አሳርፈው፣ ጠጉሩን ወደ ተቃራኒው እየገፉ፣ ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ በሁለት እጅ ይዳብሱ። ግራና ቀኙ አብሮ ሲዳሰስ አንዱ ጎን ላይ ያለ ልዩነት ቶሎ ይታወቃል።

1. ከራስ ይጀምሩ። ከንፈር፣ አገጭ፣ አፍንጫና የጆሮ ጠርዝ በዓይን ይታያሉ። አገጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብና ትናንሽ ብጉር ካለ የምትበላበት የፕላስቲክ ሳህን ምክንያት ሊሆን ስለሚችል በብረት ወይም በሸክላ ሳህን ይቀይሩት።

2. ከመንጋጋው ማዕዘን በታች በየጎኑ ትንንሽ፣ የሚንሸራተቱ፣ ከአተር የማይበልጡ ነገሮች ቢያገኙ የተፈጥሮ ንፍፊቶች ናቸው። አንዱ ከሌላው በግልጽ ከተለቀ ወይም ሁለቱም አብጠው ከጠነከሩ ግን ይመዝግቡት። ከትከሻ ፊትና ከኋላ ጉልበት ጀርባ ያሉትንም በዚሁ ዓይን ይዩ።

3. ማጅራትና በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ያለው ቦታ መርፌ የሚወጋበት ስለሆነ ቀስ ብለው ይሂዱበት።

4. ብብት፣ ጎድን፣ ሽንጥ።

5. ሆድ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሰው ግን ድመት ሆዷን ማስነካት ስለማትወድ ይዘለዋል። ድመቷን ጭንዎ ላይ በጀርባዋ ወደ እርስዎ አስቀምጠው የፊት እግሮቿን በአንድ እጅ ከፍ ያድርጉ። ጡቶቿ በሁለት ረድፍ አራት አራት ሆነው ይገኛሉ። እያንዳንዱን ጫፍና ዙሪያውን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል በቀስታ ያንከባልሉ። መጀመሪያ ላይ የጡት እጢ ከቆዳው ሥር ያለች ጠንካራ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ በዓይን አትታይም። ወንድ ድመትም ጡት ስላለው አይለፉት።

6. ብሽሽት፣ የኋላ እግር፣ በጣቶቹ መካከል፣ መጨረሻ ላይ የጭራ ሥር። ፊት ለፊት ተጋጥማ የተነከሰች ድመት ፊቷና የፊት እግሯ ላይ ታብጣለች፤ ስትሸሽ የተነከሰችው ደግሞ ዳሌዋና የጭራዋ ሥር ላይ።

ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጠፈች ወይም ጭራዋን ካወናጨፈች ያቁሙና የቀረውን ለነገ ይተዉት። አስገድዶ የተዳበሰ ድመት በሚቀጥለው ወር አልጋ ሥር ይገባል።

እብጠት የሚመስሉ

ደረት አጥንት መጨረሻ ላይ የምትገኘው ሹል አጥንት፣ የመጨረሻው ጎድን ጫፍ፣ ከኋላ እግር መካከል የሚንጠለጠለው ለስላሳ የሆድ ቆዳ፣ የተቋጠረ ጠጉር፦ እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያው ዳበሳ ያስደነግጣሉ። ግልገል ድመት እምብርቷ ላይ ለስላሳና ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚመለስ እብጠት ካላት የእምብርት ቡአ ነው። አስቸኳይ አይደለም፤ ከጠነከረ፣ ካሳመማት ወይም አልመለስ ካለ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

መዥገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ደም የጠጣ መዥገር ግራጫ፣ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ጠጉሩን ገልጠው ሥሩን ቢያዩ ቆዳው አጠገብ ትንንሽ እግሮች ይታያሉ። በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ጭንቅላቱን ይዘው፣ ሳይጠመዝዙ፣ ቀጥ አድርገው በእርጋታ ይሳቡት። ነጭ ጋዝ ማፍሰስ፣ በክብሪት ማቃጠል ወይም ሆዱን መጭመቅ መዥገሩ የያዘውን ወደ ቁስሉ እንዲተፋ ያደርጋል። ከወጣ በኋላ ለሳምንት ያህል ሽምብራ የማታህል ጠንካራ ጉብታ ልትቀር ትችላለች፤ እያነሰች ከሄደች ምንም አይደለም።

ክብ ሆኖ ጠጉሩ የረገፈና ቅርፊት ያለው ቦታ ጭርት ሊሆን ይችላል። ወደ ሰው በተለይም ወደ ሕፃናት ስለሚተላለፍ ከመንካትዎ በፊት ጓንት፣ ከነኩ በኋላ ሳሙና።

መለካትና መመዝገብ

«ትልቅ ሆኗል» የሚል ቃል ለሐኪም አይጠቅምም። ማስመሪያውን እብጠቱ አጠገብ አድርገው ርዝመቱንና ስፋቱን በሚሊሜትር ይጻፉ፤ ማስመሪያው እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ከዚያ አራት ነገር ይመልሱ፦ ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቋል ወይስ ቆዳው ሲንቀሳቀስ አብሮ ይሄዳል? ይሞቃል? ሲነኩት ያማታል? የማያም መሆኑ እንዳያጽናናዎ፤ አደገኛ እጢ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። ቦታውን ደግሞ «ሆዷ ላይ» ብለው ሳይሆን «በግራ ረድፍ፣ ከፊት ሦስተኛው ጡት» ብለው ይጻፉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ቀላል ነው። 1 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ወይም አንድ ወር የቆየ ማንኛውም እብጠት በመርፌ ናሙና ይወሰድለታል። ከዚያ ያነሰውን በየሁለት ሳምንቱ ይለኩ፤ ካደገ ወሩ እስኪሞላ አይጠብቁ። ጡት ላይ ያለ ነገር ግን ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን በዚያው ሳምንት መታየት አለበት። ከ2 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ የወጣ የጡት እጢና ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ የወጣው ለድመቷ የሚተዉላት ዕድሜ በጣም የተራራቀ ነው።

በቀናት ውስጥ ያበጠ

የድመት ጥርስ ቀጭንና ረጅም ነው። ሲነክስ ባክቴሪያውን ከቆዳው ሥር አስገብቶ ይወጣል፣ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ ይደፈናል፣ ውስጥ የቀረው ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ መግል ይሆናል። ቦታው ይሞቃል፣ ያማታል፣ ድመቷ ታነክሳለች ወይም ምግብ ትተዋለች። ጠጉሩን ገልጠው ቢፈልጉ ሁለት ትንንሽ ቅርፊቶች ጎን ለጎን ያገኛሉ።

መጀመሪያ ሙቀቷን ይለኩ። ዲጂታል ቴርሞሜትር ጫፉን ቫዝሊን ቀብተው ፊንጢጣዋ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስገቡ፤ ሌላ ሰው በፎጣ ጠቅልሎ ይያዝልዎ። ጤነኛ ድመት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ትሆናለች። ከ39.5 በላይ ትኩሳት ነው፤ 40 ከደረሰ በዚያው ቀን ሐኪም ያስፈልጋል። ከ37.5 በታች ከወረደ ደግሞ ከትኩሳቱ ይብሳል፤ ድመቷ እየደከመች ነው ማለት ነው።

ሐኪም እስኪያገኙ ድረስ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክረው (በእጅ አንጓዎ ሞክረውት የማያቃጥል) አምስት አምስት ደቂቃ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ያሳርፉበት። አይጭመቁት። መግል የያዘ እብጠት በውጭ ከመፈንዳቱ በፊት ከተጫኑት ግድግዳው ወደ ውስጥ ተቀዶ ከቆዳው ሥር ይሰራጫል፤ በአንድ ቀዳዳ የሚጸዳው ነገር ሰፊ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። በምላጭ ራስ መብጣትም እንዲሁ ነው።

በራሱ ከፈነዳ ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ቁስሉን ጠዋትና ማታ ይጠቡ። የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ ድረስ ይቀጥሉ። አፉ ቶሎ እንዲዘጋ አይመኙ፤ ላዩ ከታሰረና ከተደፈነ መግሉ በሳምንት ውስጥ ይመለሳል። የፈነዳ ቁስል ላይም ቢሆን ፀረ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ስለሚያስፈልግ ሐኪሙ አይቀርም። ዶክሲሳይክሊን ክኒን ከታዘዘላት ክኒኑን እንደዋጠች 5 ወይም 6 ሚሊ ሊትር ውኃ በስሪንጅ ያስከትሉላት፤ የድመት ጉሮሮ ውስጥ ከቆመ ግድግዳውን አቃጥሎ ያጠብበዋል።

እዚህ ላይ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ዝም ማለት አይቻልም። የነከሳት እንስሳ ካልታወቀና ድመቷ ካልተከተበች ይህን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ጠባይዋ ከተቀየረ፣ ያለ ምክንያት ከተናከሰች፣ ምራቋ ከተዝረበረበ ወይም መዋጥ ካቃታት አይንኳት፤ ክፍል ዘግተውባት ሐኪም ይጥሩ። ሰው ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ።

የአይጥ መርዝ በሚበዛበት ሰፈር ደግሞ ሌላም ነገር ያስቡ። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ከቆዳዋ ሥር ልትደማ ትችላለች። እብጠቱ ለስላሳ ነው፣ አይሞቅም፣ ግን ድዷ ይገረጣል። ከንፈሯን ገልጠው ድዷ ነጭ ሆኖ ካዩ ቫይታሚን ኬ ያለው ሐኪም ፍለጋ በዚያው ሰዓት ይጀመር፤ የመርዙን ማሸጊያ ካገኙ ይዘውት ይሂዱ።

ቀስ ብሎ የሚመጣው

ነጭ ጆሮ ወይም ነጭ አፍንጫ ያላት ድመት ካለችዎ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብቡት። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር አልፈው ስለሚገኙ ፀሐዩ ይበረታል፤ ቀለም የሌለው ቆዳ መከላከያ የለውም። ካንሰሩ እንደ እብጠት አይጀምርም። የጆሮዋ ጠርዝ ይቀላል፣ ይሻክራል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ ቅርፊቱ ሲነሳ ይደማል፣ ተመልሶ ይይዛል። ሰው «ተቧጥጣ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጭረት በሁለት ሳምንት ይድናል፤ የማይድን ቁስል ናሙና ይፈልጋል። ጆሮ ላይ ብቻ እያለ ጫፉን ቆርጦ ማዳን ይቻላል። እንዲህ ያለች ድመት ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንዳትተኛ ጥላ ያለው ቦታ ያዘጋጁላት።

ክትባት የተወጋችበት ቦታ ላይ ትንሽ ጉብታ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። መርፌው ከተወጋ ከ3 ወር በኋላም ካለ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም አንድ ወር አልፎት እያደገ ከሆነ ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ መሟላቱ ናሙና ለመውሰድ ይበቃል። ይህ ዓይነቱ እጢ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ሥሩን በጥልቀት ይሰዳል። ስለዚህ ክትባቱ በትከሻ መካከል ከሚሆን ከጉልበት በታች እግር ላይ እንዲወጋ ሐኪሙን ይጠይቁ። ብርቅ በሆነ እጢ ፈርቶ የእብድ ውሻ ክትባትን መተው ግን ፈጽሞ አይገባም።

ገና ያልተመከነች ወጣት ሴት ድመት ከወንድ ፍለጋ ወይም ከእርግዝና በኋላ ጡቶቿ በሙሉ በአንድ ጊዜ ክፉኛ ሊያብጡ ይችላሉ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ መለየት ያለበት ግን ሐኪም ነው። እንዳትወልድ ተብሎ የሴቶች የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚሰጣት ድመትም ለዚሁ እብጠትና ለጡት እጢ ትጋለጣለች። ስድስት ወር ሳይሞላት የተመከነች ድመት የጡት ካንሰር የሚይዛት ካልተመከነችው እጅግ ባነሰ መጠን ነው፤ ወንዱም ሲመከን ጠቡ ስለሚቀንስ መግሉም ይቀንሳል።

ድመት ላይ የማይደረግ

ፓራሲታሞል በጭራሽ አይስጡ። አንድ የሰው ክኒን ድመት ይገድላል። ጉበቷ የሚያጣራበት መንገድ የለውም፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ኩላሊቷን ያጠፋሉ። ዴቶልና በረኪና ቁስል ላይ አይደረጉም፤ ድመት ራሷን ስለምትልስ የቀቡትን ሁሉ ትበላዋለች። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ መለጠፍም በዚያው ምክንያት ደሟን ይጎዳል። ለከብት መዥገር የሚሸጠው ዲያዚኖንና ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን ያንቀጠቅጣሉ፣ ይገድላሉም። እብጠትን በጋለ ብረት መተኮስ ወይም በፈረስ ጭራ አስሮ ማድረቅ የሚታየውን ጫፍ ያነሳል፤ ሥሩ ቀርቶ ያድጋል፤ ናሙና የሚወሰድበት ነገርም ይጠፋል።

ሐኪም ዘንድ

ከመሄድዎ በፊት ይደውሉና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ድመት ያክማሉ? ለድመት የሚሆን ማደንዘዣ አላችሁ? ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ትልካላችሁ? መልሱ አይ ከሆነ ጉዞውን ይቆጥቡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፣ የማስተማሪያ የእንስሳት ሆስፒታልም አለው። ለገላንና ለዱከም ሰው ከተማውን አቋርጦ ከመሄድ ይቀርባል።

ባጃጅም ሆነ ሚኒባስ ላይ ድመት በእጅ አይያዝም። ጠንካራ ካርቶን ጎኑን በስተው፣ ከታች የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፈው፣ ክዳኑን በገመድ አስረው ይውሰዷት።

በመርፌ ናሙና መውሰድ ደቂቃዎች የሚፈጅ፣ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ የማይፈልግ ሥራ ነው። ቀጭን መርፌ እብጠቱ ውስጥ ገብቶ የወጣው ሴል መስታወት ላይ ይቀባና በማይክሮስኮፕ ይታያል። «በዓይን አይቼ ምንም አይደለም» የሚል መልስ ከተሰጠዎ በትሕትና መርፌውን ይጠይቁ። በእጅና በዓይን ብቻ እጢን ለይቶ መናገር የሚችል ሰው የለም፤ ጥሩ ሐኪምም አይቀየምም።

እጢው ተቆርጦ ከወጣ ቆሻሻ መጣያ እንዳይገባ። 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፣ ፈሳሹ ከሥጋው አሥር እጥፍ ሆኖ፣ አፉ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ ይቀመጥ፤ ውኃ ውስጥ ይበሰብሳል፣ በረዶ ቤት ከገባ ሴሉ ይፈርሳል። የመስታወት ናሙና አብሮ የሚላክ ከሆነ በሌላ ከረጢት ይሁን፤ የፎርማሊን ትነት ቀለሙን ያበላሸዋል። ጠርዙ ንጹሕ መሆን አለመሆኑ (የእጢው ሴል እስከ ተቆረጠው ሥጋ ዳር ድረስ መድረስ አለመድረሱ) በውጤቱ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ቀጥሎ የሚደረገው በዚያ ይወሰናል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ

ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። በእነዚህ ቀናት ትልቁ ችግር ምላሷ ነው፤ ሸካራ ስለሆነ በአንድ ሌሊት ስፌት ይበጥሳል። የአንገት ኮን ካላገኙ ከአሮጌ የራጅ ፊልም ይሥሩ፦ ክብ ይቁረጡ፣ መሐሉን በአንገቷ ልክ ያውጡ፣ ከጠርዝ እስከ መሐል አንድ መሥመር ሰንጥቀው ሾጣጣ አድርገው ይጠቅልሉት። አንገቷን የሚነካውን ጠርዝ በጨርቅና በፕላስተር ይሸፍኑ። ሁለት ጣት በአንገቷና በኮኑ መካከል መግባት አለበት፤ የፊተኛው ጠርዝ ከአፍንጫዋ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለፍ። ካጠረ ታልሳለች፤ ከረዘመ መብላት ያቅታታል።

ስፌቱን ጠዋትና ማታ ይዩ። ትንሽ ቅላት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠበቃል፤ ሽታ፣ መግል፣ የተከፈተ አፍ ወይም እየጨመረ የሚሄድ እብጠት አይጠበቅም። መብላቷን ከሁሉ በላይ ይከታተሉ፦ በተለይ ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች ስብ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ራሱን የቻለ ገዳይ በሽታ ይሆናል። ከ24 ሰዓት በላይ ምግብ ከከለከለች ለሐኪሙ ይደውሉ። ስፌቱ ከወጣ በኋላ የጠባሳውን ዙሪያ በወሩ ዳበሳ ላይ ይጨምሩት፤ ለመጀመሪያው ዓመት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ይዳብሱት፣ በዚያው ደብተርም ይጻፉት።